መጨረሻውን ብቻ ያየኋቸው ፊልሞች

ቶሮንቶ ውስጥ ስድስት ዓመት ሲኒማ ቤት ሠርቻለሁ። ለቤተሰቦቼም በስልክ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ «ሲኒማ ቤት ገብቻለሁ»። ምን እንደምሠራ አልተናገርኩም፤ እነሱም አልጠየቁኝም። እማዬ ቡና ላይ «ልጄ እኮ ሲኒማ ቤት ናት» ባለች ቁጥር ጎረቤቱ አንዱ ትኬት ቆራጭ፣ ሌላው ሥራ አስኪያጅ አድርጎኝ ኖሯል።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው ፊልሙ ሲያልቅ ነበር። መጥረጊያና ትልቅ ጥቁር ፌስታል ይዤ በሩ ጋ ጨለማው ውስጥ እቆማለሁ። የተዋንያኑ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር መብራት ይበራል፣ ሰው ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ። ቀጣዩ ፊልም እስኪጀምር አንዳንዴ ሩብ ሰዓት እንኳ አይተርፈኝም። ከላይኛው ረድፍ ጀምሬ ፈንዲሻውን ወደ ታች እየገፋሁ እወርዳለሁ። የስንት ፊልም መጨረሻ እንዳየሁ እግዜር ይወቀው። ሲታረቁ አይቻለሁ፣ ሲቀበሩ አይቻለሁ፣ መኪናዋ በረጅሙ መንገድ ስትርቅ አይቻለሁ። ከምን ተነስተው እዚያ እንደደረሱ ግን አላውቅም። አንድ ቀን ማን እንደሞተ ሳላውቅ መጥረጊያዬን ተደግፌ አልቅሻለሁ።

ባለፈው ጥር ከ16 ዓመት በኋላ ድሬዳዋ ገባሁ። በ2000 ዓ.ም. ስወጣ መጀመሪያ ቤይሩት ነበር፤ ስለ ቤይሩት ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ትቼው የሄድኩት ወንድሜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አሁን በባጃጁ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲወስደኝ ከኋላ ሆኜ ማጅራቱን እያየሁ «ይሄ የማን ጎረምሳ ነው?» እያልኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን «እትዬ፣ እነእንትና በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክ አድርገው የመን ተሻግረው አሁን ሳዑዲ ናቸው» አለኝ። ወሬ ለማውራት ብቻ እንዳላነሳው ገባኝ። ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን ነው የሰፈሩ ወጣቶች ከዚራ አንድ ግቢ ውስጥ የሦስት ቀን የፊልም ፌስቲቫል ያዘጋጁት። ወንድሜም ወንበር አመላላሽ ነበር። ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ ከየድግስ ቤቱ የተለመነ የፕላስቲክ ወንበር፣ በር ላይ ሙሸበክና ኦቾሎኒ የምትሸጥ እናት፤ በቃ ይኸው ነው። እማዬን ይዣት ሄድኩ። ቀን ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ የዋለው ሰው ማታ ነፋሱን ፈልጎ ይወጣል፤ ሽርጡን ያሸረጠ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ዩኒፎርሙን ያላወለቀ ተማሪ፣ ግቢው ሞላ።

የመጀመሪያው ምሽት ፊልም ቻርሊ ቻፕሊን በ1921 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ የተጣለውን ሕፃን አንስቶ የሚያሳድገው ድሃ ሰውዬ ታሪክ ነበር። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ እዚያ ግን ንግግር ስለሌለ ማንም ምንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ልጁን ሊወስዱት መኪና ላይ ሲጭኑት፣ እሱም እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ፣ እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ኧረ ተዉት! ኧረ አባቱ ነው!» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀባትም። ከኋላችን አንዲት የሶማሌ እናትም በራሷ ቋንቋ ትጮህ ነበር። እኔ ልጁ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሆን ገና አላውቅም፤ አለማወቄ ራሱ ደስ አለኝ። ፊልም ከመጀመሪያው ተቀምጦ ማየት እንዲህ ነው ለካ፣ ሰው ጓጉቶ ቁጭ ይላል።

ከዚያ ለልጆች የፈረንሳይኛ ካርቱን መጣ። ትርጉም የለውም። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ የምድር ባቡር ጡረተኛ ሽማግሌ ተነስተው ዘንጋቸውን ተደግፈው «አሁን ቀበሮዋ ‹ራበኝ› እያለች ነው» እያሉ መተርጎም ጀመሩ። ድሬ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው፤ ፈረንሳይኛም የባቡር ሠራተኛው የሥራ ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። የሳቸውን አማርኛ አንዲት ልጅ ተቀብላ ለአያቷ በሶማልኛ፣ ከእሷ ጎን ያለው ደግሞ ለጓደኛው በኦሮምኛ ያስተላልፋል። ሳቁ በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ከፊት ተነስቶ ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ዓመት በጠረግሁት አዳራሽ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ምሽት የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ነበር፤ ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ቀጥሎ ግን ተማሪዎች በስልክ የቀረጹት አጭር ፊልም ስለ ደቻቱ ጎርፍ መጣ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰበት። እኛ የወንዙ ዳር ልጆች ነን። ቤታችን የሄደው ያን ሌሊት ነው፤ እኔም በሁለት ዓመቱ የወጣሁት ያንን ቤት ልመልስ ብዬ ነው። ተማሪዎቹ ያሳዩት ጎርፉን አልነበረም፤ አንዲት እናት ከጎርፉ የተረፈላቸውን የቡና ሙቀጫ ይዘው፣ ውስጡ ገብቶ የነበረውን አሸዋ በጣታቸው እያሳዩ ሲናገሩ ነው። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እስኪያልቅ አላነሳችውም፤ በጆሮዋ ብቻ ሰማችው። በሌላ እጇ የእጄን አንጓ ይዛ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ የጣቶቿ ምልክት ነበረብኝ።

ሦስተኛው ምሽት ነው እዚህ እንድጽፍ ያደረገኝ። «ፋያ ዳዪ» ታየ። ጄሲካ በሺር ሐረር አድጋ፣ በልጅነቷ ከአገር ወጥታ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ አሥር ዓመት ያህል የለፋችበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። የሐረርጌ ጫት ነው ጉዳዩ። ለቀማው፣ እስሩ፣ ሌሊት በሩጫ የሚደረደረው ጭነት። ጫት ከደረቀ ዋጋ የለውምና መኪናው እንዴት እንደሚከንፍ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጅ ሆነን ጡሩንባውን ስንሰማ አስፋልቱን ለቀን እንሮጥ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ጭሱ አለ፣ ዱዓው አለ፣ የዘላለም ሕይወት ውኃ ፍለጋ የሄደው ሰው ተረት አለ። ንግግሩ አብዛኛው ኦሮምኛ ነው። ቀፊራ ገበያ ቅመም ስትሸጥ የኖረችው እናቴ አንዲት ቃል አላመለጣትም። የኔ ኦሮምኛ ግን ዝጓል፤ ማንበብ የማትችለው እናቴ ለእኔ ለካናዳዋ በጆሮዬ ትተረጉምልኝ ጀመር።

ልጆቹ ቀይ ባሕርን ስለመሻገር ሲያወሩ መተርጎሟን አቆመች። አላስፈለገኝም፤ ገብቶኛል። ዞር ብዬ ወንድሜን አየሁት። ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሞ፣ ብርሃኑ ግማሽ ፊቱ ላይ ወድቆ፣ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው።

ሰዉ ሲወጣ ጠራሁት። «ቶሮንቶ ሲኒማ ቤት የምሠራው መጥረግ ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«ፊልሙ ሲያልቅ ገብቼ እጠርጋለሁ።»

ዝም ብሎ ቆየና «ፎቶውስ?» አለኝ። ትልቁ ፖስተር ሥር፣ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆሜ የላክሁለት ፎቶ ነው። ቤታችን ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። «ያነሳችኝ አብራኝ የምትጠርግ ፊሊፒናዊት ናት። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ብሩን ትቀበለኝ ነበር?»

«መቀበሉንስ እቀበል ነበር» አለና መሬት መሬት አየ። «ጫማ ግን አልገዛበትም ነበር።»

አትሂድ አላልኩትም። እኔ ሄጄ፣ በሄድኩበትም ቤት ሠርቼ፣ እሱን አትሂድ የምልበት አፍ የለኝም። ግን ለ16 ዓመት የላክሁለት መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ቀይ ምንጣፉን፣ ሳቁን፣ ብሩን። እዚያው ግቢ ውስጥ ቆመን ከቤይሩት ጀምሬ ነገርኩት። በረንዳ ላይ የተኛሁበትን፣ ፓስፖርቴ የተያዘበትን፣ የመጀመሪያውን ክረምት፣ ሁሉንም። ጓደኞቹ ሁለት ጊዜ ጠሩት፤ አልሄደም።

ግቢው የኦቾሎኒ ልጣጭ ለብሶ ነበር። ወንበሮቹ ለጠዋት መመለስ ስላለባቸው ልጆቹ ይጣደፋሉ። እኔም በሩ ጋ የቆመውን መጥረጊያ አነሳሁ። «ኧረ እትዬ ተይው!» ብሎ ሊቀማኝ መጣ። አልሰጠሁትም። ሌላ ፈልጎ ይዞ ተመለሰና አጠገቤ ቆመ።

«ከየት ነው የሚጀመረው?» አለኝ።

«ከኋላ። ወደ በሩ እየገፋህ።»

እማዬ የመጨረሻው ወንበር ላይ አልነሳም ብላ ተቀምጣለች፤ ባዶውን አንሶላ ታያለች። ዙሪያዋን ጠርገን ስንጨርስ እግሯን አነሳችልን።