ፎንት ሲጎድል ዝም የሚለው ሰርቨር

የደረሰኝ ስክሪንሹት ላይ አምስተኛ ገጽ አለ፤ ገጹ ላይ ያለው አንድ የፊርማ መስመር ብቻ ነው። ያው ሰነድ እኔ ላፕቶፕ ላይ ልክ አራት ገጽ ነው። ኮዱ አንድ፣ ፋይሉ አንድ፣ ሎጉም ንጹሕ፤ «ተሳክቷል» ይላል።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነበር። የዎርድ ፋይል ተቀብሎ ሰርቨር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ነው። ግማሽ ቀን የገጽ ኅዳጉንና የመቀየሪያውን ቨርዥን ስጠረጥር አለቀ። ፒዲኤፉ ውስጥ የትኞቹ ፎንቶች እንዳሉ የምትዘረዝረውን ፒዲኤፍፎንትስ የምትባል ትንሽ ትዕዛዝ ሳስሮጥ ግን ሰነዱ የተጻፈበት ፎንት፣ ካሊብሪ፣ የለም። ቦታውን ዴጃቩ ሳንስ የሚባል ሌላ ፎንት ይዞታል። ዴጃቩ ከካሊብሪ ሰፋ ያለ ነው፤ በየመስመሩ አንድ ሁለት ቃል ወደ ታች ይገፋል፣ መስመሩ አንቀጹን፣ አንቀጹ ገጹን ይገፋል፣ ፊርማው ብቻውን ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ ለምን አልመጣም? ሊኑክስ ላይ ፎንት የሚያቀርበው ፎንትኮንፊግ ነው፤ እሱ ደግሞ «የለም» ማለትን አያውቅም። ኤፍሲ-ማች በሚለው ትዕዛዝ ካሊብሪን ጠይቁት፣ ካሉት ውስጥ ይቀርባል ያለውን ይሰጣችኋል። ከአእምሯችሁ የፈጠራችሁትን ስም ብትጠይቁትም ያለ ምንም ማንገራገር አንድ ነገር ይሰጣችኋል። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ፍተሻ ትዕዛዙ ያለ ኤረር መጠናቀቁን ብቻ ስለሚያይ አንድም ጉድለት አልያዘም። የሚሠራው የጠየቅሁትን ስም ከተሰጠኝ ስም ጋር ማወዳደር ነው። ካልተመሳሰሉ፣ የተሰጠው እኔ በእጄ ካጸደቅኩት የምትክ ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሥራው ይቆማል።

ዝርዝሩ አጭር ነው። ለካሊብሪ ካርሊቶ፣ ለካምብሪያ ካላዲያ፣ ለኤሪያል ሊበሬሽን ሳንስ፣ ለታይምስ ኒው ሮማን ሊበሬሽን ሰሪፍ። እነዚህ ሲሠሩ ጀምሮ የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ከዋናው ጋር እኩል እንዲሆን ታስቦባቸዋል። መልካቸው ቢለይም መስመሩ የሚሰበረው እዚያው ቦታ ነው። ካሊብሪን ራሱን ከላፕቶፕ ገልብጦ ሰርቨር ላይ መጫን አጓጊ ነው፤ ፈቃዱን ካነበብኩ በኋላ ተውኩት። ምትኮቹን ዶከር ኢሜጁ (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽጎ ሰርቨሩ ላይ የሚሮጥበት ጥቅል) ውስጥ ከትቼ የፎንት ካሹን፣ ማለትም ፎንትኮንፊግ የሚያየውን የፎንቶች መዝገብ፣ እዚያው አስገነባሁ። ብዙዎቹ ቀጫጭን ኢሜጆች አንድም ፎንት ሳይኖራቸው ነው የሚመጡት።

የተጠየቁትን ስሞች ማውጣት ከጠበቅኩት በላይ አደከመኝ። የዎርድ ፋይል ዚፕ ነው፤ ሲከፈት የፎንት ሠንጠረዥ የሚባል ኤክስኤምኤል አለ፤ እሱን አንብቤ ጨረስኩ ብዬ ነበር። ጽሑፉ ግን ብዙ ጊዜ የፎንት ስም አይጠራም፤ «የጭብጡ (የቴሙ) ፎንት» ብቻ ብሎ ያልፋል፣ እውነተኛው ስም ያለው የጭብጥ ፋይሉ ውስጥ ነው። የዝርዝር ነጥቦቹ ደግሞ ሲምቦል ወይም ዊንግዲንግስ ይዘው ቁጥር አሰጣጡን በሚገልጸው ፋይል ውስጥ ተደብቀዋል። ሦስቱንም ማንበብ ግድ ሆነ።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ዋናው ጉድ የመጣው። ፍተሻውን በአረንጓዴ ያለፈ የአማርኛ ሰነድ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ባዶ ሣጥን በሣጥን ሆኖ ወጣ። ሰነዱ የሚጠራው ፎንት ካሊብሪ ብቻ ነው፤ ካርሊቶ ደግሞ ተጭኗል። ችግሩ ካሊብሪ ራሱ የግዕዝ ፊደል የለውም! ጸሐፊው «በካሊብሪ ጻፍኩ» ብሎ ሲያስብ ዎርድ ውስጥ ውስጡን ከኒያላ ወይም ከኤብሪማ እየቀዳ ይሞላለት ነበር። የጭብጥ ፋይሉን መልሼ ስከፍተው ለየጽሕፈቱ የተመደቡ ፎንቶች ተደርድረዋል፣ ለግዕዝ «ኒያላ» የሚል መስመርም አለ። እኔ አይቼው ያለፍኩት መስመር ነው።

ጥያቄው ሁለት መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው። አንዱ ስፋቱ ይመሳሰላል ወይ ነው፤ ሌላው ፊደሉ ጭራሽ አለ ወይ። ለሁለተኛው ፎንትቱልስ የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ያዝኩ። ከሰነዱ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ፊደላት ሰብስቤ፣ ፎንቱ የትኞቹ ፊደላት እንዳሉት የሚያሳየውን ሲማፕ የሚባል ሠንጠረዥ አስነብቤ፣ የጎደሉትን አስወጣለሁ። ኮዱ ከሃያ መስመር አይበልጥም። ለጎደሉት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ሰጠሁ (ኖቶ የሚለው ስም ራሱ «ቶፉ አይኑር» ከማለት የመጣ ነው፤ ቶፉ እነዚያ ባዶ ሣጥኖች ናቸው)። ከዚያ በኋላም የመስመሩ ከፍታ ትንሽ ተቀየረና ሁለት ሰነዶች ላይ ሠንጠረዡ ወደሚቀጥለው ገጽ ተንሸራተተ። የመስመር ክፍተቱ በቁርጥ የፖይንት መጠን ለተሰጠ ሰነድ ይህ አያጋጥምም፤ ለሌላው ግን ከኒያላ ጋር ከፍታው የሚገጥም ምትክ እስካሁን አላገኘሁም።

አንድ ዓይነት ፋይል ግን ምትክ አይመልሰውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉ የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 ቨርዥን ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ዓመታት ያገለገሉት፣ የ«ሀ»ን ቅርጽ በላቲን ፊደል ወይም ምልክት ኮድ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ራቁቱን ይወጣል። የእኔ የሲማፕ ፍተሻ ደግሞ «ሁሉም ፊደል አለ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ አብዛኛው የጽሑፍ ፎንት ላቲን አለውና! እዚህ ጋ የፎንቱ ስም ብቻ ነው የሚያጋልጠው። የእነዚያን ፎንቶች ስም ለብቻ ዘርዝሬ፣ የትኛውም ሰነድ አንዱን ከጠራ ወደ ፒዲኤፍ ሳይቀየር ጎን እንዲቀመጥ አደረግኩ። ኮዱን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ሠንጠረዥ ለሁለቱ ሠርቻለሁ፤ ለሦስተኛው ግማሽ ላይ ነኝ፣ የተቀሩትን ፋይሎች አሁንም በእጅ ነው የምናስተካክለው።