ነጭ የደም ሴልና የሰፈራችን አንቴና

ማራኪ በሚባለው ሰፈራችን ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ የኔትወርክ አንቴና ከተተከለ ወዲህ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው እሑድ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ቶናውን እየቀዱ «ልጄ፣ አንተ ደም መርማሪ ነህ፤ ይኼ ነገር ደማችንን ያደክመዋል የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ። ጎንደር ላይ በሽታን የሚዋጋውን ነጭ የደም ሴል ስቆጥር ዓመታት ያሳለፍሁ ሰው በመሆኔ፣ ለእርሳቸው በአጭሩ የመለስሁትን እዚህ ላስፋው።

ከአንቴናና ከስልክ የሚወጣው ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር ከአቶም ኤሌክትሮን የሚነጥቅ ጉልበት የለውም፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ውጤቱ ኃይሉ ሲበረታ ሥጋን ማሞቁ ነው። ክርክሩ ያለው ከዚያ በታች ባለው መጠን ላይ ነው። በሶቪየት ዘመን የነበሩ ተመራማሪዎች ደካማ ማይክሮዌቭ የአይጦችን በሽታ የመከላከል ሥርዓት ያዛባል ብለው ጽፈው ነበር። ይህ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በሞስኮና በፈረንሳይዋ ቦርዶ ተደገመ፤ አይጦቹ በቀን 7 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ30 ቀናት ለሞገዱ ተጋለጡ። የሞስኮው ቡድን የቀድሞውን ውጤት በከፊል ሲያገኝ፣ የቦርዶው ግን አላገኘም። ከመብራት መስመር የሚመጣውን መግነጢሳዊ መስክ በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ግምገማ፣ በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በአንዳንዱ ጨምረው፣ በሌላው ቀንሰው መገኘታቸውን ያሳያል።

እኔን ይህ የውጤት መለያየት ብዙም አይገርመኝም። በቤተ ሙከራ ሴል የሚያድግበት ኢንኩቤተር ራሱ ማሞቂያና ማራገቢያ ስላለው፣ በአሥሮች ማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) የሚቆጠርና ከመደርደሪያ መደርደሪያ የሚለያይ መስክ ሊፈጥር ይችላል፤ በመኖሪያ ቤት ያለው አማካይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 ማይክሮቴስላ አይበልጥም። ስለዚህ «አልተጋለጠም» ተብሎ ለማነጻጸሪያ የተቀመጠው ሳህን፣ ሳይታወቅ ከእማማ ሳሎን የበለጠ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል።

ደሙም ቢሆን ባለበት አይረጋም። የአንድ ሰው ሊምፎሳይት (አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ሌሊት ከፍ ይላል፣ ጠዋት ዝቅ ይላል። ዳገቱን በፍጥነት ወጥቶ ሳያርፍ ክንዱን የሚዘረጋልኝ ወጣት፣ ግማሽ ሰዓት አግዳሚው ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ከሚኖረው የበለጠ ነጭ የደም ሴል ይቆጠርለታል። በማይክሮስኮፕ በእጅ ስንቆጥር ደግሞ፣ ከመቁጠሪያው መስታወት የካሬ መስመር ላይ ያረፈውን ሴል ልተወው ወይስ ልያዘው የሚለው ብቻ ቁጥሩን ያወዛውዘዋል። (ለጀማሪዎች የምንሰጠው ደንብ የላዩንና የግራውን መስመር ቁጠር፣ የታቹንና የቀኙን ተው የሚል ነው።)

በእውነት የደከመ ደም ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ፣ ከመተማና ከሑመራ ቆላ የሚመጣውን የካላዛር ታካሚ ይመልከት። የበሽታው ጥገኛ ተህዋሲ በመቅኔውና በጣፊያው ማክሮፋጆች (ተህዋሲ የሚውጡ ሴሎች) ውስጥ ተራብቶ፣ ነጩም ቀዩም ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ይህን ለማየት ስውር ስሌት አያስፈልግም።

ለእማማ የነገርኋቸው የመጨረሻው ነገር ግን ስለ ርቀት ነበር። የመስኩ ኃይል ከምንጩ በራቅን ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳልና፣ ጆሮ ላይ የተለጠፈ ስልክ ከሩቅ አንቴና ይልቅ ለሰውነት ይቀርባል፤ ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ስልኩ ራሱ ኃይሉን ይጨምራል። «እንግዲያ አንቴናው ቢነሳ ይብስብናል ማለት ነው?» ብለው ሳቁና፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት የነበረውን ስልክ ፈትተው ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡት።