ቦስፎረስን በመርከብ

አውሮፓንና እስያን ኢስታንቡል ላይ የሚለያቸው የቦስፎረስ ሰርጥ ነው። ርዝመቱ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 700 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ ድልድይ አለው፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ባቡር በባሕሩ ሥር ያልፋል። እኔ ግን መርከቡን መረጥኩ። የሚያስቸኩል ነገር አልነበረኝም። የቆየሁበትን ሥራ ለቅቄያለሁ፣ የሚቀጥለው ገና አልተጀመረም። ሰው «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ሲለኝ መልስ የሚጠፋኝ ሰሞን ነበር።

በአውሮፓ በኩል ካለው ኤሚኖኑ በእስያ በኩል ወዳለው ካዲኮይ የሚሄደው መርከብ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሰዓቱ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ነበር። ከኋላ በኩል ተሳፋሪዎች ሲሚት የሚባለውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ እየቆረሱ ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ የባሕር ወፎቹ አየር ላይ ይቀልቡታል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ተረከዛም ጫማዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስኒከሯን ከማጥለቋ በፊት ግን ባዶ እግሯን ዘርግታ ትንሽ ቆየች። ቢሮ አይደለችም፣ ቤቷም አልደረሰችም። ፊቷ ላይ ያየሁትን እፎይታ እስካሁን አልረሳሁትም።

እኛ አገር ልጆች «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። የዚህ ባሕር ተረትም የሚጀምረው በጊደር ነው። ግሪኮች እንደሚተርኩት የአማልክቱ ንጉሥ ዜውስ አዮ የምትባል ወጣት ወደደ። በሚስቱ በሄራ ቅናት የተነሳ ልጅቷ ጊደር ሆና ቀረች። ሄራ ይህም አልበቃት ብሎ ተናዳፊ ዝንብ ላከችባት። አዮ ከአገር አገር ስትባረር ይህንን ሰርጥ ተሻገረች። በመጨረሻ ግብፅ፣ ዓባይ ዳር ደርሳ ወደ ሰውነቷ ተመለሰች። ባሕሩ ስሙን ያገኘው ከዚያ የጊደር መሻገር ነው ይባላል። ይሄ ነገር ልቤን ነካው። ሰዎቹ ባሕሩን የሰየሙት ዙፋን ላይ ላለችው ሄራ አይደለም። ከሁለት ያጣች፣ መልኳም አገሯም የጠፋባት ልጅ ናት የታወሰችው።

ሰሜን ጫፉ ላይ፣ ሰርጡ ከጥቁር ባሕር ጋር በሚገናኝበት፣ ሌላ ተረት አለ። እዚያ የሚጋጩ ሁለት አለቶች ነበሩ፤ መሀላቸው የገባን ሁሉ ይጨፈልቃሉ። ፊንያስ የተባለ ዓይነ ስውር ነቢይ በዚያ ሊያልፉ ለመጡት ለጀግናው ለያሶንና ለመርከበኞቹ ምክር ሰጣቸው፦ መጀመሪያ ርግብ ልቀቁ። ርግቧ አለፈች፤ አለቶቹ ሲገጥሙ የጭራዋ ላባ ብቻ ቀረ። አለቶቹ መልሰው ሲከፈቱ መርከቧ ባለ በሌለ ኃይሏ ተቀዘፈች። እሷም ከኋላዋ ጫፏ ተቆረጠ እንጂ አለፈች። ከዚያ ወዲህ አለቶቹ እንደቆሙ ቀሩ፤ ማንንም አልጨፈለቁም።

ከሁሉም የያዘኝ ያ የጭራ ነገር ነው። ርግቧም መርከቧም የሆነ ነገር ጎድሎባቸው ነው ያለፉት። እኔም ከሥራዬ ስወጣ የቀረብኝ ነገር አለ፤ ሰዎች ስሜን ሲጠሩ አብረው የሚጠሩት ማዕረግ። ለወራት አንገብግቦኛል። እዚያ መርከብ ላይ ግን ሰው ይህንን ስሜት ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው እንደኖረ ገባኝ፤ አውቆትም በርግብ ጭራ አስመስሎ ለልጅ ልጅ አስተላልፎታል።

አርኖልድ ቫን ጌኔፕ የተባለ የባህል ተመራማሪ በ1909 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው ከአንድ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሦስት እርከን አለ፦ ከነበሩበት መለየት፣ ደፍ ላይ መቆየት፣ ወደ አዲሱ መግባት። ቪክቶር ተርነር ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ የንደምቡን ሕዝብ ሥርዓቶች አጥንቶ በመሀለኛው ላይ ብዙ ጻፈ። ተረት ግን ከሁለቱም ቀድሟል። ከደፉ ላይ ያለውን ሰው ቶሎ ግባ ብሎ አይገፋውም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያወጋዋል።

ከእስያ ዳርቻ ትንሽ ራቅ ብሎ ባሕሩ ላይ የቆመ ግንብ አለ፤ የልጃገረዷ ግንብ ይሉታል። አንድ ንጉሥ ልጅህ በእባብ ተነድፋ ትሞታለች ተባለና እዚያ አኖራት። እባቡ በፍራፍሬ ቅርጫት ተደብቆ መጣ። ይሄኛው አሳዘነኝ። አዮ መሀሉን አለፈችበት፤ ይህችኛዋ እንድትደበቅበት ተደረገች። አባት ልጁን ስለወደደ ነው፣ እሱን እረዳዋለሁ። ግን ግንቡን ባየሁት ቁጥር የማስበው ልጅቷ በመስኮት ስለምታያቸው መርከቦች ነው።

ካዲኮይ የጥንቷ ኬልቄዶን ናት፤ በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስሟን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሁሉ ያሳወቀው። የሷንም ተረት ወድጄዋለሁ። ቢዛስ የሚባል ሰው ከተማ ሊመሠርት ሲነሳ ዴልፊ በተባለው የግሪኮች መቅደስ የተነገረው ንግርት «ከዕውሮች አገር ፊት ለፊት ስፈር» አለው። መጥቶ ሲያይ የኬልቄዶን ሰዎች ከማዶ ያለውን ድንቅ ወደብ ትተው እዚህ ሰፍረዋል። ነገሩ ገባው፤ ከተማውን ማዶ ቆረቆረ። ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። ቢዛስ ሁለቱንም ዳርቻ ያየው በባሕር ስለመጣ ይመስለኛል።

በኢስታንቡል ትራንዚት ካላችሁና ሰዓቱ ከበቃችሁ፣ ከኤሚኖኑ ስትነሱ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ግንቡ የሚታየው በዚያ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የርግቧን ተረት ንገሯቸው። «ላባዋ ተመልሶ በቀለላት ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ተረቱ እዚያ ላይ ዝም ይላል፤ መልሱን አብራችሁ ፍጠሩ።