ዛሬ ጼሌ ደርሼ መጣሁ

ዛሬ ከሃኖፈር በባቡር ጼሌ የምትባል የጀርመን ከተማ ሄጄ የድሮውን ምኩራብ አየሁት። ከውጪ ስታዩት ግድግዳው ላይ እንጨቱ ወጥቶ የሚታይ እንደ ሰፈሩ ቤት ያለ ነገር ነው፣ ምኩራብ ነው ብላችሁ አትገምቱም። በፈረንጆቹ 1740 ነው የተሰራው። ኖቬምበር 9 1938 ሌሊት ጀርመን ውስጥ ስንቱ ምኩራብ ሲቃጠል ይሄን ግን ናዚዎቹ ውስጡን ሰባበሩት እንጂ እሳት አልለቀቁበትም፣ ለምን ብትሉ አጠገቡ የቆዳ ፋብሪካ ስለነበረና እሳቱ ወደ ጎረቤት ቤቶች እንዳይዛመት ፈርተው ነው። ለሰው አዝነው አይደለም ወገን፣ ለቤቱ ነው! ይሄን ስሰማ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ደግሞ በ1945 ከበርገን በልዘን የናዚ እስረኞች ካምፕ በህይወት የተረፉት አይሁዶች እዚሁ ገብተው ጸለዩበት፣ ያን ሁሉ አይተው እኮ ነው። ስወጣ ያን አሮጌ እንጨት በእጄ ዳበስኩት፣ ቅዝቃዜው አሁንም መዳፌ ላይ አለ።