በቺካጎ፣ ከጥንቱ ቄራ በር ሥር

ቺካጎ የደረስኩት ሚያዝያ 23 ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እኛ አገር በዓል ሆኖ ሥራ የሚዘጋበት የሠራተኞች ቀን መነሻው ይህች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ስለ ስምንት ሰዓት ሥራ ደም የፈሰሰው እዚህ ነው። ታዲያ እንዲህ የታገለ የአሜሪካ ሠራተኛ የራሱን ፓርቲ ማቋቋም ስለምን አቃተው?

ከሃልስቴድ ጎዳና ጥቂት እልፍ እንዳልኩ የቄራው በር ተገተረብኝ። ቄራው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲዘጋ ይህ የኖራ ድንጋይ ቅስት ቀረ። ከአናቱ የተቀረጸ የበሬ ራስ ቁልቁል ያያል። መዳፌን አሳረፍኩበት፤ ሻካራና ቀዝቃዛ ነው። ፖላንዳዊው፣ ሊቱዌኒያዊው፣ አይሪሹ፣ ከደቡብ የፈለሰው ጥቁር ሠራተኛ በዚህ በር አብረው ይገቡ ነበር። ማታ ግን ሁሉም ወደየሰፈሩና ወደየቤተ ክርስቲያኑ ይበተናል።

እ.ኤ.አ. በ1919 የከተማዋ የሠራተኞች ፌዴሬሽን መሪ ጆን ፊትዝፓትሪክ በሌበር ፓርቲ ስም ለከንቲባነት ተወዳደረ። አየርላንድ ተወልዶ ፈረስ ሲያጫማ የኖረ ሰው ነው። ያገኘው 56 ሺህ ያህል ድምፅ፣ ከመቶ ስምንት እጅ ገደማ ነው። የብሔራዊው ፌዴሬሽን መሪ ሳሙኤል ጎምፐርስ እንኳ የሠራተኛ ፓርቲ መቋቋሙን ይቃወም ነበር።

ታክሲ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ ወደ ብሪጅፖርት ሰፈር ወሰደኝ። የድሮዎቹ ፓርቲዎች፣ ዴሞክራቱና ሪፐብሊካኑ፣ በየሰፈሩ ሰው እንደነበራቸው ነገርኩት፤ ሥራ ላጣ በማዘጋጃ ቤት ሥራ የሚያስገኝ፣ በብርዱ ወራት ከሰል የሚልክ፣ ቀብር የሚቆም።

«እንደ እድር ማለት ነዋ!» አለኝ።

«እድር ድምፅህን አይጠይቅህም» አልኩት። ነገር ግን ልክ ነበር። ቀባሪህን ትተህ ትናንት ለተመሠረተ ፓርቲ ድምፅ መስጠት ቀላል አይደለም። አንድ አሸናፊ ብቻ በሚወጣበት ምርጫ ደግሞ ሦስተኛ ለሚወጣ ድምፅ መስጠት መና ማስቀረት ይመስላል።

እኔን ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ፊትዝፓትሪክና ጓዶቹ ጥቁሮችን ለማደራጀት ጥረዋል፤ ብዙ የሙያ ማኅበራት ግን በራቸውን ዘጉባቸው። ጥቁሩ መራጭም የማዘጋጃ ቤት ሥራ ለሰጠው ለሪፐብሊካኑ ከንቲባ ቶምሰን ድምፁን ሰጠ። ማን ይፈርድበታል? በዚያው ዓመት በጁላይ መጨረሻ በተነሳው የዘር ግጭት 38 ሰዎች ሞቱ፤ 23ቱ ጥቁሮች፣ 15ቱ ነጮች። የቄራው ሠራተኞች ኅብረትም ተሰነጠቀ።

ሲመሽ ተመልሰን በበሩ ሥር በእግር አለፍን። የአጎቴ ልጅ ቀና ብሎ የበሬውን ራስ አየና ኮፍያውን አወለቀ።