በራ ወይ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ምክንያቱን አላውቀውም። ነሐሴ ሲጋመስ እንዲህ ያደርገኛል። ደብረ ማርቆስ ፀሐይ ካየች ሦስት ቀን ሆናት። ጉሙ ከጮቄ ተራራ ወርዶ ደጃፋችን ላይ ተኝቷል።

እንዲህ ሲሰማኝ እጄን ሥራ ማስያዝ ነው የሚበጀኝ። የተሳቢዋን መብራት ልሠራ ተነሳሁ። መኪናዋን ታውቋታላችሁ፤ የአባባ ላንድክሩዘር ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ሞተሯ ግን እስካሁን ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። ያስቸገረችኝ ከኋላዋ የምትጎተተው ናት።

ባለፈው ሳምንት ከቢቸና ጤፍ ጭኜ ስመጣ፣ ሉማሜን እንዳለፍኩ አንድ አይሱዙ ከኋላዬ ክላክሱን አንባረቀው። ጥግ ያዝኩለት። አጠገቤ ሲደርስ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለና «ወንድሜ፣ ፍሬን መያዝህ አይታወቅም እኮ! ልገባብህ ነበር!» አለኝ። አልተቆጣም። ደንግጦ ነው። ፊቱ ገና ዓይኔ ላይ አለ።

ቤት ደርሼ ስፈትሽ ሁሉም ይበራል። ቆማ ስትሞከር ደህና፣ ስትነዳ ድርግም። እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ነው ሰው የሚያሳብደው። ሙሉ በሙሉ የጠፋ መብራት ይሻላል፤ ቢያንስ አይዋሽም።

ዛሬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፊውዙ ደህና ነው። አምፖሎቹን ለወጥኩ፤ ለውጥ የለም። የተሳቢዋ ገመድ መኪናዋ ላይ የሚሰካበትን ሶኬት ከፈትኩ። ውስጡ ሰባት እግር አለ፤ በየእግሩ ትናንሽ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። 54 ፍሬን ነው፣ 58 የኋላ መብራት፣ 31 ማሳ። ማሳ ስል የጤፍ ማሳ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። በደንቡ የማሳው ሽቦ ነጭ ነው። የእኛ ተሳቢ ላይ ግን ባለፉት ዓመታት የነካካት ሁሉ ያገኘውን ሽቦ ስለቀጠለ ቀለም ማመን አይቻልም። አንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትከተሉት ሦስት ጊዜ ቀለም ይቀይራል።

አምፖሉን አውጥቼ ቴስተር ሰካሁ። 12 ቮልት አሳየኝ። አምፖሉን ስመልስ ደብዘዝ አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሞኘው። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ሽቦው ውስጥ የቀረችው አንዲት ክር ብትሆንም ሙሉ 12 ያነብባል። ባለ 21 ዋት አምፖል ግን ወደ ሁለት አምፔር ይፈልጋል፤ ያኔ ያቺ ክር አትችለውም። ስለዚህ መለካት ያለበት መብራቱ በርቶ ነው።

ለዚህ ደግሞ ፍሬኑን የሚረግጥልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ፔዳሉ ላይ የምጭነው ድንጋይ ወይም ብረት ነገር ፍለጋ ወንበሩ ሥር እጄን ሰደድኩ። አንድ እንጨት አገኘሁ። የወይራ እንጨት ናት። አንድ ክንድ ከስንዝር ትሆናለች። አንዱ ጫፏ በቢላ ጎድጎድ ተደርጓል። ዝም ብዬ ፔዳሉ ላይ አስደገፍኳትና ሌላውን ጫፍ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር አያያዝኩት። ልክክ አለች። ለዚህ ተብላ የተቆረጠች ናት።

ፍሬቻም አበራሁና ወደ ኋላ ዞርኩ። የጎረቤቴ ልጅ ከየት እንደመጣ ሳላየው ተሳቢዋ ኋላ ቆሟል። «ጋሼ፣ ቢጫዋ ስትበራ ቀይዋ ትደክማለች» አለኝ። አየሁ። እውነቱን ነው። ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር የፍሬኑ መብራት ፍዝዝ ይላል።

ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረኝ። ማሳው ነው። መመለሻው ሲጠብ መብራቶቹ አንዷን ቀጭን መንገድ ይሻማሉ። አንዷ ስትበራ ሌላዋ ትደክማለች። አንዳንዴ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በሌላ አምፖል ክር ዞሮ መውጫ ይፈልግና፣ ፍሬን ስትይዙ የማይመለከተው መብራት ጭልጭል ይላል። እንዲህ ስታዩ አምፖል አትግዙ።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ አስቀጥዬ ተሳቢዋ ብረት ላይ አደረግሁ። ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። ከ4 በላይ አነበበ። ሽቦውን እየተከተልኩ ተሳቢዋ ሥር ገባሁ። የማሳው ሽቦ ሻንሲው ላይ በብሎን ታስሯል፤ ብሎኑ ሥር ግን ቀለም አለ፣ ቀለሙ ላይ ዝገት፣ መዳቡ ደግሞ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ለካ ኤሌክትሪኩ እስከዛሬ የሚመለሰው ተሳቢዋን ከመኪናዋ ጋር በሚያያይዘው በመጎተቻው የብረት ኳስ በኩል ነበር። ቆማ ስትሞከር ብረት ከብረት ተጫጭኖ ያገናኛል። መንገድ ላይ ስትንገጫገጭ ይላቀቃል። ይባስ ብዬ ኳሱን ግራሶ የቀባሁት እኔ ነኝ።

ብረቱን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። የሽቦውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ቀለበት አሰርኩ። ብሎኑን አጠበቅሁ። ልጁ ከኋላ «በራ! ኧረ ጋሼ፣ በደንብ በራ!» እያለ ጮኸ።

ድምፁን ስሰማ እጄ ላይ ያለውን ፒንሳ እንደያዝኩ ቀረሁ።

እኔም እዚያ ነበር የምቆመው። አባባ ተሳቢ ቀጥለው ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ ይጠሩኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ሳይዞሩ፣ «በራ ወይ?» ይላሉ። «በርቷል!» እላለሁ። «ቀኙስ?» «በርቷል!» «ፍሬኑስ?» ፍሬኑ ሲሆን ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያለእኔ ቃል መኪናው አይንቀሳቀስም ነበር።

አንድ ማታ፣ ነሐሴ ላይ ይመስለኛል፣ ዝናቡ ይወርዳል። እማዬ ምድጃው ላይ የበቆሎ እሸት እየጠበሰች ነው። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። አባባ ጤፍ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሊወጡ ነው። «በራ ወይ?» አሉ። እኔ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆሜያለሁ። ከቆምኩበት ተሳቢዋ አትታይም። «በርቷል!» አልኩ። «ፍሬኑስ?» «እሱም!»

አመኑኝ። ሄዱ።

ያኔ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የለም። አሮጌው ነው። ከደጀን ቁልቁል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ሽቅቡም እንደዚያው። በጉም ውስጥ፣ በዝናብ፣ ባለተሳቢ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ሲወርዱ፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ፊት ለፊቱ የሚያየው ያቺኑ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያኔ እንዴት እንዳወቅሁት እንጃ። ግን አውቄው ነበር። እሸቱን ሳልጨርስ ተኛሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሲመታ ነጋ።

በሦስተኛው ቀን መጡ። ኳስ ይዘውልኝ መጡ። ምንም አላሉኝም። ፊታቸውን እያየሁ ጠበቅሁ፤ ምንም።

ከዚያ ወዲህ መኪናው ኋላ መቆሜን አላስታውስም። ወይ ትዝ አይለኝም፣ ወይ አልተጠራሁም። አባባ ካረፉ ስንት ዓመት ሆነ፤ አሁን ማን ይጠየቃል? እማዬ ወደ ማታ ስትገባ እንጨቷን አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየቻትና «እሷማ ድሮም ነበረች» አለችኝ። ድሮ ለእማዬ ሰፊ ነው።

ይህን ስጽፍ መስኮቱ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ለካ እንጨቷን ፔዳሉ ላይ ትቻት ገብቻለሁ። ጉሙ ውስጥ ሁለቱም መብራቶች እኩል ደምቀው በርተዋል፤ የግቢው ግንብ ቀልቷል። ባትሪው ከማለቁ በፊት ወጥቼ ማንሳት አለብኝ።

ጎድጎድ ያለው ጫፏ ከፔዳሉ ጋር ብዙ ተፋትጎ ለስልሷል። መቼ ነው የቆረጧት? ከዚያ ማታ በፊት ነው፣ በኋላ?