ደርቲ ካው እና «ዕድሉ ጠባብ ነው» የሚለው ክርክር

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሊነክስ ሰርቨር ለብዙ ተማሪ አካፍለው ከሚያስተዳድሩ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ስለ ደኅንነት በተነጋገርን ቁጥር የሚነሣ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ከውጭ የሚመጣውን በፋየርዎል ከዘጋን የውስጡ ተጠቃሚ ከተፈቀደለት ውጭ የትም አይደርስም የሚል ነው። ይህ እምነት የቆመው ማን ምን ላይ መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ፈጽሞ አይሳሳትም በሚል ግምት ላይ ነው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና ደርቲ ካው በሚል ስም የታወቀው የከርነሉ የደኅንነት ክፍተት (መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2016-5195) ግን ይኸው ግምት ከ9 ዓመት በላይ ስሕተት ሆኖ መቆየቱን አሳይቷል። ክፍተቱ የሚከፈተው ለአንዲት ቅጽበት ብቻ ስለሆነ «ዕድሉ ጠባብ ነው» ብሎ ማቃለል ይቀላል፤ ይህ ክርክር ግን አያዋጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል ለራሱ ሜሞሪ ላይ ሊዘረጋው ይችላል። ሊጽፍበት ሲሞክር ከርነሉ ዋናውን አያስነካውም፤ የፋይሉን ገጽ ገልብጦ የግል ቅጂ ይሰጠዋል፣ የጻፈውም ነገር በዚያው ቅጂ ላይ ይቀራል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ በአንድ ጊዜ አይጠናቀቅም። ከርነሉ መጀመሪያ ቅጂውን ያዘጋጃል፤ ካዘጋጀ በኋላ ጥያቄው የመጻፍ ጥያቄ መሆኑን የሚናገረውን ምልክት ያጠፋና ገጹን እንደገና ይፈልጋል። በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች መካከል የዚያው ፕሮግራም ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ ክፍሉ) ቅጂውን እንደማይፈልገው ነግሮ ካስጣለው፣ ከርነሉ ሲመለስ ቅጂውን ያጣዋል፤ ምልክቱም ስለጠፋ ጥያቄውን የማንበብ ጥያቄ አድርጎ ይወስድና ዋናውን ገጽ ያቀርባል። ጽሑፉ የሚያርፈውም በዋናው ላይ ነው።

በእኛ በወሎ የቅሬ (የእድር) መዝገብ ብናስበው፣ አባላት መዝገቡን ማየት እንጂ መጻፍ የማይችሉበት፣ ልጻፍ ላለ ግን ጸሐፊው ገጹን ገልብጦ የሚሰጥበት ሥርዓት አለ እንበል። አንዱ አባል እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል፤ ጸሐፊው ቅጂውን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያኖርና «የመጻፉ ጉዳይ አልቋል» ብሎ ከራሱ ማስታወሻ ላይ ይሰርዛል። ዞር እንዳለ የአባሉ ወንድም ቅጂውን ቀድዶ ይጥለዋል። ጸሐፊው ሲመለስ ቅጂ የለም፣ ማስታወሻውም ስለ መጻፍ አንዳች አይልም፤ ስለዚህ ዋናውን መዝገብ አንሥቶ እስክሪብቶ ለያዘው ሰው ያስረክባል። ጸሐፊው በየእርምጃው ደንቡን ጠብቋል፤ የተበላሸው በእርምጃዎቹ መካከል ነው።

ቅጽበቷ እጅግ አጭር ናት፤ በአንድ ሙከራ የመሳካት ዕድሉም ትንሽ ነው። ነገር ግን የሙከራውን ብዛት የሚወስነው አጥቂው ነው። ለማሳያ ከወጡት ፕሮግራሞች በሰፊው የታወቀው ሁለቱን ትሬዶች እያንዳንዳቸውን እስከ 100 ሚሊዮን ጊዜ ያሽከረክራቸዋል፤ ለዛሬ ፕሮሰሰር ደግሞ ይህ ብዙ ሥራ አይደለም። በዚህ መንገድ የተጠቃሚዎች ዝርዝር የሰፈረበትን ፋይል የለወጠ ሰው የሩት (የማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ያገኛል፤ የሚፈጸመው ሁሉ ለከርነሉ ተራ ሥራ ስለሚመስልም በሎግ (በማሽኑ የሥራ መዝገብ) ላይ የሚታይ ምልክት አይተውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የክፍተቱ ታሪክ ነው። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ማስተካከያውን ሲያስገባ እንደገለጸው፣ ይህንኑ እሽቅድምድም (ሬስ ኮንዲሽን፣ ማለትም ውጤቱ የትኛው ሥራ ቀድሞ በደረሰ የሚወሰንበት ስሕተት) እሱ ራሱ በ2005 እ.ኤ.አ. ሊዘጋው ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ኤስ390 በሚባሉት የአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ችግር ስላስከተለ መፍትሔው ተሰረዘ። በዚያን ጊዜ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ያለ የሚመስለው እሽቅድምድም የከርነሉ የሜሞሪ አስተዳደር እየተሻሻለ ሲሄድ በቀላሉ የሚቀሰቀስ ሆነ። እንግዲህ «በተግባር አይደርስም» የሚለው ፍርድ እውነት የሚሆነው ለተሰጠበት ዘመን ማሽን ብቻ ነበር ማለት ነው። ኮዱ ሳይነካ እንኳ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲፈጥን ያው ኮድ አደገኛ ይሆናል። በእኔ አስተያየት የፕሮግራም መምህራን ይህን ታሪክ ከማናቸውም የሬስ ኮንዲሽን ትርጓሜ አስቀድመው ሊያስተምሩት ይገባል።

ክፍተቱን ያገኘው ፊል ኦስተር ነው፤ ወደ ሰርቨሮቹ የሚገባውን የኤችቲቲፒ (የድረ ገጽ) ትራፊክ ይመዘግብ ስለነበር አጥቂዎች ያስገቡትን ፕሮግራም ከመዝገቡ ውስጥ አውጥቶ ሊመረምረው ቻለ። ይህም ማለት ጥገናው ከመውጣቱ በፊት መሣሪያው በሥራ ላይ ነበር። ጥገናው ራሱ አጭር ነው፤ የመጻፍ ምልክቱን በማጥፋት ፈንታ ቅጂ መሠራቱን የሚመሰክር አዲስ ምልክት ይጨምራል። ይሁንና በ2017 እ.ኤ.አ. ቢንዴሲ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች ይኸው ጥገና በትልልቅ የሜሞሪ ገጾች ላይ በትክክል እንደማይሠራ ስላሳዩ ሌላ ጥገና አስፈለገ።

ከሰርቨሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስልኩ ነው። አንድሮይድ የተሠራው በሊነክስ ከርነል ላይ በመሆኑ ክፍተቱ እዚያም ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ኩባንያው ትሬንድ ማይክሮ ዝኒዩ ብሎ የሰየመው ጎጂ ፕሮግራምም በዚሁ ቀዳዳ ይጠቀም ነበር። ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ባትሪውንና ስክሪኑን አገላብጦ ያያል፤ የደኅንነት ፓች (የመጨረሻ ጥገና) ቀኑን ግን የሚጠይቅ አላየሁም። ቀኑ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የዚህ ክፍተት ጥገና የተካተተው ከታኅሣሥ 5 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ደረጃ ነውና ከዚያ በፊት የቆመ ስልክ ለባንክና ለገንዘብ ማስተላለፊያ ባይውል ይመረጣል።

ሰርቨር ለምታስተዳድሩ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የከርነሉ ስሪት ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። በዋናው ሊነክስ ጥገናው የገባው በ4.8.3፣ በ4.7.9 እና በ4.4.26 ቢሆንም፣ እንደ ኡቡንቱና ሬድ ሃት ያሉት የሊነክስ አከፋፋዮች ጥገናውን ወደ አሮጌ ስሪቶቻቸው መልሰው ያስገቡታልና ቁጥሩ አሮጌ ሆኖ የተጠገነ ከርነል ይኖራል። ስለዚህ የሚታየው አከፋፋዩ ለዚያ ፓኬጅ ያወጣው የለውጥ መዝገብ ነው። አፕዴቱ ከተጫነ በኋላም ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና እስኪነሣ ድረስ በሜሞሪ ላይ የሚሠራው አሮጌው ከርነል መሆኑን አትዘንጉ፤ መብራት ካልጠፋ በቀር ለወራት የማይጠፋ ሰርቨር ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል።